ፒያኖው የነበረበት ቦታ፦ ያለፈ ልማድን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ሰዋስው በፊልም ቅንጭብ ማስተማር

አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ የሱቁን በር ሲከፍት የሚያሳይ የግማሽ ደቂቃ የፊልም ቅንጭብ ይዤ ክፍል ገባሁ። አሳይቼ ስጨርስ «ይህ ሰው ድሮ ምን ያደርግ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ። የምጠብቀው መልስ «ሂ ዩዝድ ቱ ኦፕን ዘ ሾፕ» የሚል ነበር። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ «ሂ ኦፕንድ ዘ ሾፕ» አለች። አረምኳት። «እኔ ያየሁት ግን አንድ ጊዜ ሲከፍት ነው» አለችኝ። ሰሌዳውን እያየሁ ጥቂት ቆምኩ። እርሷ ልክ ነበረች፤ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።

ካሜራ የሚይዘው ድርጊትን እንጂ ልማድን አይደለም። ልማድ መሆኑ የሚታወቀው ያው ነገር ሲመላለስ ስናየው ነው፤ ያለፈ ልማድ መሆኑ ደግሞ ዛሬ መቅረቱን ስናይ። ስለዚህ ይህን ሰዋስው በፊልም ለማስተማር ከሚደክሙት ድካም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክፍል ከመግባትዎ በፊት፣ ቅንጭቡን ሲመርጡ የሚያልቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር የተጻፈው እንግሊዝኛን አማርኛ ለሚናገሩ ተማሪዎች ለሚያስተምር መምህር ነው። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ድምፁን ተከትዬ በፊደላችን አስቀምጬዋለሁ፤ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉት ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉት።

በመጀመሪያ የሚያስተምሩትን ይለዩ

እንግሊዝኛ ስላለፈ ልማድ ሲያወራ በዋናነት ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው ተራው ኀላፊ ጊዜ ነው፤ «ኤቭሪ ኢቭኒንግ» የመሰለ የጊዜ ቃል ከተጨመረበት ልማድን ያለ ችግር ይገልጻል። ሁለተኛው «ዩዝድ ቱ» ነው፤ ለተደጋገመ ድርጊትም፣ ለቆየ ሁኔታም ይሆናል፤ «አሁን ግን ቀርቷል» የሚል ስሜትም ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው «ዉድ» ነው፤ የሚሆነው ለተደጋገመ ድርጊት ብቻ ነው፤ ጊዜው ድሮ መሆኑ አስቀድሞ ካልተነገረ ደግሞ ብቻውን አይቆምም።

ሦስቱን በአንድ ቀን አያስተምሩ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ተማሪዎቹ ሦስቱንም ቀላቅለው ወጡ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ «ዩዝድ ቱ»ን ከተራው ኀላፊ ጋር፣ በሁለተኛው «ዉድ»ን ይያዙ። ቅንጭቡ አንድ ይሁን፤ ታሪኩን አንዴ ካወቁት በሁለተኛው ቀን አእምሯቸው በሙሉ ወደ ቋንቋው ይዞራል።

ቅንጭቡን መምረጥ

ርዝመቱ ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። የአርባ አምስት ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ካለዎት ያንኑ ቅንጭብ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ያሳያሉ፤ ረጅም ከሆነ ሁለተኛው ዙር ላይ ክፍሉ ማዛጋት ይጀምራል። ንግግር ያነሰበት ይሻላል። ተዋንያኑ ብዙ ካወሩ ተማሪው ጆሮውን ለማያውቃቸው ቃላት ይሰጥና ዓይኑ ሥራ ይፈታል።

ዋናዎቹ መስፈርቶች ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ያው ድርጊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ በተለያየ ቀን መታየት አለበት። የፊልም ሠሪዎች ይህን የሚያደርጉበት የታወቀ ዘዴ አላቸው፤ ሰውየው እዚያው ወንበር ላይ ነው፣ ልብሱ ግን ተቀይሯል፤ መስኮቱ ያው ነው፣ ውጭው ግን አንዴ ፀሐይ፣ አንዴ ዝናብ ነው። ሁለተኛው፣ «ዛሬ» በቅንጭቡ ውስጥ መኖር አለበት፤ የተዘጋ በር፣ ያረጀ ፊት፣ ባዶ ወንበር። ዛሬው ከሌለ ተማሪው «ቀርቷል» የሚለውን ከአስተማሪው አፍ ይቀበላል እንጂ በራሱ አያየውም።

ትዝታ የሚያስታውስ ገጸ ባሕርይ ያለበት ፊልም ሁሉ ይሆናል ብለው አይቸኩሉ። ብዙዎቹ የትዝታ ትዕይንቶች የሚያስታውሱት ልማድን ሳይሆን አንድ ቀን የሆነ ነገርን ነው፤ የአደጋውን ቀን፣ የመለያየቱን ቀን። ያ ለተራው ኀላፊ ጊዜ ግሩም ነው፤ ለዛሬው ትምህርት ግን ወጥመድ ነው።

ነገሩ ጨበጥ እንዲል አንድ ትዕይንት ልፍጠር። ለዚህ መመሪያ ስል ያሰብኩት እንጂ ከየትኛውም ፊልም የተወሰደ አይደለም፤ እናንተ የምትፈልጉት የዚህን ዘመድ ነው። አንዲት ጎልማሳ ሴት ባዶ ቤት ትገባለች። ከእንጨቱ ወለል ላይ አራት የተቦረቦሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ታያለች፤ የአንድ ከባድ ዕቃ እግሮች ለዓመታት ቆመውበት የነበረ ቦታ ነው። ጎንበስ ብላ አንዱን በጣቷ ትነካለች። ከዚያ ወደ ኋላ እንሄዳለን። እናቷ ፒያኖ እየተጫወተች ነው፤ ትንሿ ልጅ ከፒያኖው ሥር ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ሌላ ምሽት፦ ልብሳቸው ተቀይሯል፣ እናቲቱ ትጫወታለች፣ ልጅቱ ከሥር። ሦስተኛ ምሽት፦ ውጭ ይዘንባል፣ ልጅቱ አድጋለች፣ ጭንቅላቷ የፒያኖውን ሆድ ሊነካ ምንም አልቀረው፤ አሁንም ከሥር ናት። ከዚያ በቀን ብርሃን ሁለት ሰዎች ፒያኖውን ተሸክመው ይወጣሉ። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ባዶው ወለል ላይ፣ ከአራቱ ጉድጓዶች መካከል ትቀመጣለች። ሁለት ደቂቃ።

እዚህ ውስጥ የሚያስፈልገው ሁሉ አለ። የተደጋገመ ድርጊት አለ፤ መጫወትና መቀመጥ። የቆየ ሁኔታ አለ፤ እዚያ መኖር፣ ፒያኖ መኖሩ። አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር አለ፤ ፒያኖው መወሰዱ። ዛሬም አለ።

ከክፍል በፊት

ቅንጭቡን በኮምፒውተሩ ወይም በስልኩ ላይ አስቀምጡት፤ በኢንተርኔት ላይ አትተማመኑ። የሚያቆሙባቸውን ቦታዎች በደቂቃና በሰከንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ድምፅ ማጉያውን ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጠው ይስሙት፤ ፊት ለፊት የሚሰማ ሁሉ ከኋላ አይሰማም። የቅጂ መብት ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ በክፍል ውስጥ ስለማሳየት የሚለውን አንድ ጊዜ አጣርተው ይያዙ።

ከዚያ ቅንጭቡን ብቻዎን እያዩ ከተማሪዎቹ ሊወጡ የሚችሉ ስምንት ያህል ዓረፍተ ነገሮችን ይጻፉ። ይህን ደረጃ የሚዘል መምህር ብዙ ነው፤ እኔም እዘለው ነበር። የሱቁ ሽማግሌ ያዋረደኝ ይህን ባለማድረጌ ነው። ስምንቱን ሲጽፉ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በተራው ኀላፊ ብቻ የሚነገሩ ሆነው ካገኟቸው ቅንጭቡን ይቀይሩ።

ያለ ድምፅ ይጀምሩ

የመጀመሪያው እይታ ድምፅ የለውም። ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ለሁለት ይክፈሉ፤ በግራ «ድሮ»፣ በቀኝ «አሁን»። ሥራቸው ያዩትን በአጭሩ መጻፍ ብቻ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይጠበቅባቸውም። ካዩ በኋላ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያወዳድሩ። ስለ ሰዋስው እስካሁን አንድም ቃል አልተናገሩም፤ አይናገሩም።

ሁለተኛውን ዙር ሲያሳዩ በሦስተኛው ምሽት ላይ ምስሉን ያቁሙና ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ይህ የሆነው አንድ ቀን ነው ወይስ ብዙ ቀን? በምን አወቃችሁ?» «በምን አወቃችሁ?» የሚለው ጥያቄ ወርቅ ነው። አንዱ ልብሱን ያነሣል፣ ሌላው ዝናቡን፣ ሌላዋ የልጅቱን ቁመት። ሦስት ምሽት ብቻ አይተው ሳለ ብዙ ምሽት እንደነበረ ራሳቸው ደርሰውበታል። ከዚያ ወደ መጨረሻው ምስል ይሂዱና «አሁንስ?» ይበሉ።

አሁን ሰሌዳው ላይ አግድም መስመር ያስምሩ። በቀኝ ጫፍ «አሁን» ብለው ይጻፉ። በግራ በኩል አምስት ስድስት የ«ኤክስ» ምልክቶች ይደርድሩ፤ ወደ «አሁን» ሲቀርቡ ባዶ ይተዉት። ከሥሩ ይጻፉ፦ «ሀር ማዘር ዩዝድ ቱ ፕሌይ ዘ ፒያኖ ኤቭሪ ኢቭኒንግ።» ከዚያ ሌላ መስመር ያስምሩና አንድ «ኤክስ» ብቻ ያድርጉ፦ «ዋን ዴይ፣ ቱ ሜን ቱክ ዘ ፒያኖ አዌይ።» ማብራሪያው ይኸው ነው።

«ነበር» የሚያመጣው ጣጣ

የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ የሚሳሳትበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል፤ ምክንያቱም ስሕተቱ የሚመጣው ከራሳችን «ነበር» ነው። «ስገባ እናቴ ፒያኖ ትጫወት ነበር» እንላለን፤ «ማታ ማታ እናቴ ፒያኖ ትጫወት ነበር»ም እንላለን። ግሱ አንድ ነው። እንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያውን «ዎዝ ፕሌይንግ» ሲለው ሁለተኛውን «ዩዝድ ቱ ፕሌይ» ይለዋል። ተማሪው አንዱን «ነበር» ይዞ ሁለቱንም «ዎዝ ፕሌይንግ» ብሎ ቢጨርሰው አይፈረድበትም።

መፍትሔውም ከአማርኛው ይገኛል። ልማድን ስንናገር የጊዜውን ቃል ደግመን የመናገር ልማድ አለን፤ ማታ ማታ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። ተማሪው ሲያመነታ በዓረፍተ ነገሩ ላይ «ማታ ማታ»ን ይሞክር። ከተቀበለው «ዩዝድ ቱ» ይሠራል። «ማታ ማታ»ን የሚገፋና «ስገባ» ወይም «ሳየው» የሚለውን የሚወድ ከሆነ «ዎዝ» ከ«ኢንግ» ጋር ነው። «እዚህ ይኖሩ ነበር» ለሚለው ዓይነት ሁኔታ ይህ መፈተኛ አይሆንም፤ እዚያ ላይ «ድሮ» የሚለውን ቃል ይጠቀሙ።

በነገራችን ላይ፣ ትምህርቱን በአማርኛ ማስረዳትን እንደ ነውር የሚያዩ መምህራን አሉ። እኔ አልስማማም። ተማሪው በጭንቅላቱ ሲያወዳድር እንደሚውል የታወቀ ነው፤ ካወዳደረ አይቀር በትክክል ያወዳድር።

ቅርጹና ድምፁ

ቅርጹ ቀላል ነው፤ «ዩዝድ ቱ» ከዚያ ግሱ በመነሻ መልኩ። ለ«ሂ»ም ለ«ዘይ»ም አይለወጥም። ችግሩ ያለው ሲጠየቅና ሲፈረስ ነው። «ዲድ ሺ ዩዝ ቱ ፕሌይ?» «ሺ ዲድንት ዩዝ ቱ ፕሌይ።» «ዲድ» ከመጣ የኀላፊውን ሥራ እርሱ ስለያዘው በጽሑፍ መጨረሻው ላይ ያለችው «ዲ» ትወድቃለች።

በአነጋገር ግን በሁለቱም ቦታ ልዩነት አይሰማም። አፋቸውን በቋንቋው የፈቱ ሰዎች «ዩዝድ ቱ» እያሉ አይለያዩትም፤ «ዩስቱ» ብለው በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል፤ «ዝ»ዋ «ስ» ትሆናለች፣ «ድ»ዋ ትዋጣለች። ዕቃ መጠቀምን የሚገልጸው ግስ ብቻ ነው «ዩዝድ» ተብሎ በ«ዝ» የሚነገረው። ተማሪዎች በጽሑፍ «ዲ»ዋን የሚረሱት ስለማይሰሟት ነው። ስለዚህ ከማጻፍ በፊት ያሰሙ፤ ሦስተኛውን ዙር ከነድምፁ ያሳዩና ተራኪው ወይም ገጸ ባሕርይዋ «ዩስቱ» ባለች ቁጥር እጃቸውን ያንሱ። የግርጌ ጽሑፍ ካለው ከዚህ በኋላ በእንግሊዝኛው ብቻ ይክፈቱት፤ የሰሙትን አሁን በዓይናቸው ያገኙታል። ቅንጭብዎ ንግግር ከሌለው ተራኪው እርስዎ ይሁኑ።

አንድ ትጉህ ተማሪ ያለ ጥርጥር «ታዲያ አይ አም ዩዝድ ቱ የሚለውስ?» ይላል። ያ «ለምጃለሁ» ማለት ነው፤ ከኋላው ስም ወይም «ኢንግ» ያለው ግስ ይከተለዋል። በሁለት ዓረፍተ ነገር ይመልሱና ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ሁለተኛው ቀን፦ «ዉድ»

ያንኑ ቅንጭብ አንድ ጊዜ ያሳዩና ይህን አጭር ትረካ ያንብቡላቸው፦ «ዊ ዩዝድ ቱ ሊቭ ኢን ዚስ ሃውስ። ዜር ዩዝድ ቱ ቢ ኤ ፒያኖ ሂር። ኤቭሪ ኢቭኒንግ፣ ማይ ማዘር ዉድ ፕሌይ፣ ኤንድ አይ ዉድ ሲት አንደር ኢት። ዋን ዴይ፣ ቱ ሜን ኬም ኤንድ ቱክ ኢት አዌይ።» ሦስቱም ቅርጾች ተራ በተራ ገቡ። ተራኪዎች ስለ ድሮ ሲያወጉ ብዙ ጊዜ የሚሄዱት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ «ዩዝድ ቱ» በሩን ይከፍታል፣ «ዉድ» ይገባል፣ አንድ ቀን የሆነው ነገር በተራው ኀላፊ ይመጣል።

ከዚያ ይጠይቁ፦ «ለምን ዊ ዉድ ሊቭ አላለችም?» ዝም ይላሉ። ፍንጩ ይህ ነው፦ መጫወት በየምሽቱ ይጀመራል፣ በየምሽቱ ያልቃል፣ በማግሥቱ እንደገና ይጀመራል። መኖር ግን በየምሽቱ አይጀመርም። «ዉድ» የሚፈልገው እየተጀመረ የሚያልቅ ነገር ነው፤ መኖር፣ መሆን፣ ማወቅ፣ መውደድ የመሳሰሉት የሁኔታ ግሶች ደጁ አይደርሱም። «ሺ ዉድ ላቭ ዘ ፒያኖ» ያለ ተማሪ «ፒያኖ ቢኖራት ትወደው ነበር» ያለ መስሎ ይሰማል።

እዚህ ጋ ተማሪዎች «አንድ ቃል እንዴት ስለ ልማድም ስለ ምኞትም ያወራል?» ብለው ያጉረመርማሉ። መልሱ አፋቸው ውስጥ ነው። «ድሮ መጽሐፍ እገዛ ነበር»፤ «ገንዘብ ቢኖረኝ መጽሐፍ እገዛ ነበር»። የእኛም «እገዛ ነበር» ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፤ የሚለየው በዙሪያው ባለው ቃል ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ሳስቀምጥ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን የ«ኦ!» ድምፅ በጣም ነው የምወደው።

በፊልም ውስጥ «ዉድ» ብዙ ጊዜ አጥሮ «አይድ»፣ «ሺድ» ሆኖ ይሰማል። «ሃድ»ም እንደዚሁ ስለሚያጥር ቀጥሎ ያለውን ግስ ይመልከቱ፤ በመነሻ መልኩ ከሆነ «ዉድ» ነው፣ «ጎን» እና «ሲን»ን የመሰለ ከሆነ «ሃድ» ነው።

ተማሪው ተራኪ ይሁን

አሁን ድምፁን ያጥፉት። ሦስት ሦስት ሆነው ለሴትዮዋ ድምፅ ይስጧት፤ ቅንጭቡ ሲሮጥ «አይ ዩዝድ ቱ…» እያሉ በቃላቸው ይተርኩለት። አሥር ደቂቃ ይዘጋጁ። ደንቡ ሦስት ነው፤ በ«ዩዝድ ቱ» መጀመር፣ «ዉድ»ን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ማስገባት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በ«ዋን ዴይ» መክፈት። ትረካው ከምስሉ ጋር እኩል መሄድ ስላለበት አንብበው ሊወጡት አይችሉም። ግራ ሲጋቡ ይሳሳታሉ፤ ይሳሳቱ፤ እርስዎ ስሕተቱን እየለቀሙ ይጻፉ እንጂ አያቋርጡ።

ክፍሉ ሰፊ፣ ፕሮጀክተሩም የሌለ ከሆነ በአንድ ስልክ ዙሪያ ስድስት ሆነው ይሥሩት። ስልክም ከሌለ ከቅንጭቡ አምስት ምስሎችን በወረቀት ማተም ይበቃል፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ጊዜ ከፊልሙ የተሻለ ይሠራል፣ ምስሉ አያመልጣቸውምና።

የሚለቅሟቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ ከሦስት አይዘሉም። አንደኛው «ሺ ዩዝድ ቱ ሊቭ ዜር ፎር ቴን ይርስ» ነው፤ የቆይታው ልክ ወይም የተደረገበት ቁጥር ከተነገረ «ዩዝድ ቱ» ቦታውን ለተራው ኀላፊ ይለቃል፣ «ሺ ሊቭድ» ይባላል። ሁለተኛው የዛሬን ልማድ «አይ ዩዝ ቱ ጎ» ማለት ነው፤ «ዩዝድ ቱ» የአሁን ጊዜ የለውም፣ ዛሬ «አይ ዩዡዋሊ ጎ» እንላለን። ሦስተኛው «ዩዝድ ቱ ፕሌይድ» ነው፤ ኀላፊውን ሁለቴ መክፈል። እነዚህን ማን እንደተናገራቸው ሳይጠቅሱ ሰሌዳ ላይ ይጻፏቸውና ክፍሉ ራሱ ያርማቸው።

ለሦስተኛ ቀን የሚሆን

ጊዜ ከተረፈዎት የድምፅ አልባውን ዘመን የጎዳና ፊልሞች ይሞክሩ። የፊልም ፈር ቀዳጆች የሆኑት ፈረንሳውያኑ የሉሚዬር ወንድማማቾች ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ በክፍያ ፊልም ያሳዩት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1895 ፓሪስ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ካሜራ ይዞ ጎዳና ላይ የቆመ ሁሉ ያነሣው ሰው ሲያልፍና ጋሪ ሲሄድ ነው። እዚህ ላይ ድግግሞሹን የሚያሳየው አንድ ሰው ሳይሆን ሕዝቡ ነው፤ ሁሉም ባርኔጣ አድርጓል፣ ሁሉም ጋሪ በፈረስ ይጎተታል። ስለዚህ አንዱ እይታ ይበቃል፦ «ፒፕል ዩዝድ ቱ ዌር ሃትስ»፣ «ዜር ዩዝድ ቱ ቢ ሆርስስ ኢን ዘ ስትሪት»። ጥያቄውንና አፍራሹንም ያለ ግፊት ያወጣል፤ «ዲድ ዘይ ዩዝ ቱ ሃቭ ትራፊክ ላይትስ?» ብሎ አንዱ መጠየቁ አይቀርም።

ሰዎቹ እየሮጡ የሚሄዱ ቢመስሉና ክፍሉ በሳቅ ቢሞላ አይደንግጡ። ካሜራዎቹ በእጅ ይሽከረከሩ ስለነበር በሰከንድ የሚያነሡት ምስል ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 20 ገደማ ነበር፤ በኋላ በተለመደው በ24 ሲታይ ሁሉም ይፈጥናል። የማጫወቻውን ፍጥነት ወደ ሦስት አራተኛ ያውርዱት። ሳቁ ጋብ ሳይል ግን «ዲድ ፒፕል ዩዝ ቱ ዎክ ፋስት?» ብለው ቢጠይቁ፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኖ፣ ዘይ ዲድንት!» ይልልዎታል።